ከወገብ እሽት በፊት ሽንት ይመርመር

በጤና ጣቢያችን በየዕለቱ ከምንሰማቸው ቃላት አንዱ «ወገቤን» የሚለው ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን፣ በተለይም እናቶችና እህቶች፣ «ወገቤን» የምንለው «ሽንቴን» ማለት ስለሚያሳፍረን ነው። ሽንት ሲያቃጥል፣ ቶሎ ቶሎ ሲመጣ ወይም እምቢ ሲል «ብርድ መታኝ» ብለን ወጌሻ ዘንድ እንሄዳለን። ወጌሻውም የተነገረው ወገብ ነውና ወገብ ያሻል። በእኔ አስተያየት ይህ ልማድ መለወጥ አለበት።

ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ካርቱም ዴም ስንኖርም እንዲሁ ነበር። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን በዚያ ሙቀት በቂ ውኃ ሳይጠጡ፣ ሽንታቸውን ቋጥረው ይውሉ ነበር። ማታ ሲያማቸው በቅባት ይታሻሉ ወይም ዋግምት ይደረግላቸዋል። ውኃ ማነስና ሽንት መቋጠር ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ እሽት ደግሞ ጀርም አይገድልም። ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ከወጣ ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ነፍሰ ጡርን ያለ ጊዜዋ ሊያስምጣት ይችላል። በገዚራ የመስኖ ቦዮች የሠራ ወይም የታጠበ ሰው ሽንቱ ደም ከቀላቀለ ደግሞ ቢልሃርዚያ ይጠረጠራል። ለዚህም ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በስልክ «ካይሮፕራክተር አከመኝ» ይሉናል። ካይሮፕራክቲክ እ.ኤ.አ. በ1895 ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በተባለ ሰው በአሜሪካ የተጀመረ፣ የጀርባ አጥንት መጋጠሚያዎችን በእጅ በመግፋት የሚሰጥ ሕክምና ነው። የወገብ ሕመም ያለባቸውን አንዳንድ ሰዎች ይረዳል። የፊኛ ሕመምን እንደሚያድን ግን በቂ ማስረጃ የለም።

በእጅ የሚሰጥ ሕክምና ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ኢንፌክሽን ሳይኖር ለወራት የሚቆይ የፊኛ ሕመም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ በ81 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የዳሌ ወለል ጡንቻቸው በሠለጠኑ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ከታከመላቸው መካከል 59 በመቶ የሚሆኑት መሻሻል አግኝተዋል። መላ ሰውነታቸውን ከታሹት ግን 26 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እጅም የሚጠቅመው በሽታው በምርመራ ከታወቀና ቦታው ከተለየ በኋላ ነው።

ምርመራው ካልቀደመ አደጋ አለ። ፊኛን የሚያዙት ነርቮች የሚያልፉት በወገብ በኩል ነው። ዲስክ ተንሸራቶ ሲጫናቸው ሽንት ይቆማል ወይም ሳይታወቅ ያመልጣል፣ መቀመጫና የጭን መሐል ይደነዝዛል፣ እግር ይዝላል። እንዲህ ያለው ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ኦፕሬሽኑ ከዘገየ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። የጀርባ አጥንት ቲቢም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ፣ ይህ በሽታ ያለበትን የጀርባ አጥንት በእጅ መግፋት እንደማይገባ አስጠንቅቋል።

የተከበራችሁ ወጌሾቻችን፣ ሕዝቡ ያምናችኋል፤ ከእኛም ቀድሞ ወደ እናንተ ይመጣል። ስለዚህ ከማሸታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁልን፦ ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላል? ደም አለው? መቀመጫዎ ደንዝዟል ወይስ ሽንት እምቢ ብሏል? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካሉ ሳታሹ ላኩልን። በጎ ፈቃደኞችም ቤት ለቤት ስትዞሩ ሴቶችን ሴት ትጠይቅ። እኛ የጤና ሠራተኞችም ሰው በተሰለፈበት «ሽንትሽን አምጪ» ብለን መጮኽ ትተን፣ በመጋረጃ የተከለለ ቦታ እናዘጋጅ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። የሽንት ሕመም እንደ ማንኛውም ሕመም ነው፤ ነውር የለበትም። ወገብዎን ሲያምዎ መጀመሪያ ሽንትዎን ያስመርምሩ። ምርመራው ንጹሕ ከሆነና የአደጋ ምልክት ከሌለ፣ እሽቱ ያኔ ይደርሳል።