ቆሞ መዋል የሚያብሰው ሕመም

የምናውቃት አንዲት እናት ሦስት ልጆች ወልዳለች፤ እዚህ አሜሪካ ሆቴል ውስጥ አልጋ በማንጠፍ ትተዳደራለች። ጧት ደህና ናት። ከሰዓት በኋላ ግን ከእምብርቷ በታች ድንጋይ የተንጠለጠለባት ያህል ይከብዳታል፤ ጋደም ስትል ይቀልላታል። በወር አበባዋ ሰሞንና ከባሏ ጋር ካደረች በኋላ ደግሞ ይብስባታል። አልትራሳውንድ ተነስታ «ምንም የለብሽም» ተባለች። ዓመታት አለፉና ማህፀንሽ ይውጣ አሏት። ይህን ለባለቤቴ ነገረቻት፤ እንድጽፈውም ፈቀደች።

ውድ አንባቢያን፣ እግር ላይ ተጠማዘው የሚያብጡትን ደም መልሶች ሁላችንም አይተናል። ያው ነገር በማህፀንና በእንቁላል እጢ ዙሪያም ይደርሳል። ደሙ ወደ ልብ ሲመለስ ቁልቁል እንዳይፈስ የሚያግዱት ትንንሽ ክዳኖች ይደክማሉ፤ በተለይም ደጋግመው በወለዱ ሴቶች። ደሙ ይጠራቀማል፣ ሥሩ ይለጠጣል። ሐኪሞች ፔልቪክ ኮንጀስችን ሲንድሮም ይሉታል። በሽተኛዋ ተጋድማ ስትመረመር ደሙ ስለሚቀንስ ችግሩ ሊሰወር ይችላል፤ ስለዚህ «ምንም የለም» ሁልጊዜ የለም ማለት አይደለም።

ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ መላ አለ፤ ስሙ ኢምቦላይዜሽን ነው። አንገት ወይም ብሽሽት ላይ ቦታው ብቻ ደንዝዞ በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ይገባል። ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂስት የሚባለው ሐኪም በራጅ እየተመለከተ ቱቦውን እስከ ታመመው ሥር ያደርስና በጥቃቅን የብረት ጥምጥም ወይም በአረፋ መድኃኒት ይዘጋዋል። ደሙ በጤነኞቹ ሥሮች ያልፋል። አብዛኞቹ ሴቶች በዚያው ዕለት ቤታቸው ይገባሉ። አዲስ ነገርም አይደለም፤ በሕክምና መጽሔት መጀመሪያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

አልሸነግላችሁም፤ ብዙዎች ቢሻላቸውም የማይሻላቸው አሉ። ለጥቂት ቀናት ማመሙ አይቀርም፤ አልፎ አልፎም ጥምጥሙ ከቦታው ይንሸራተታል። ራጅ ስላለበት ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ተመሳሳይ ሕመም የሚያመጡ ሌሎች የማህፀን በሽታዎችም አስቀድመው መጣራት አለባቸው።

እኔን ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ይህች እናት ሐኪም ቤት የምትሄደው የ12 ዓመት ወንድ ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ ነበር። በልጇ ፊት የመኝታ ቤቷን ነገር በየት አፏ ትናገር? «ሆዴን ያመኛል» ብላ ዝም። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ግን አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ቢሆን። ሴት አስተርጓሚ ትሁንልኝ ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም።

ጠየቀች። ቀጠሮዋ የፊታችን ማክሰኞ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤቱ ይውላል።