«ሙያ በልብ ነው» ያለው ሰው መኪና አልነበረውም

«ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው መኪና እንዳልነበረው እርግጠኛ ነኝ። ቢኖረው ኖሮ፣ ያውም እንደ እኔ ከአጎቱ የወረሳት አሮጊት ቮልስዋገን ብትኖረው፣ ለገዳዲ መንገድ ዳር አቧራ እየቃመ ቆሞ ሳለ ተረቱን መልሶ በዋጠው ነበር። ተረቱን ያወጣው ራሱ መካኒክ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በከተማችን ሁለት ባለመኪኖች ማኪያቶ ይዘው ከተቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይገባል፤ መካኒክ ሌባ ነው። አዲሱን ዕቃ አውልቆ አሮጌውን ይገጥማል፤ ደኅናውን አበላሽቶ ያስከፍላል፤ «ነገ ና» እያለ ወር ያመላልሳል። እኔም መኪና ከያዝኩ ወዲህ የዚህ ማኅበር አባል ነበርኩ። አሁን ከማኅበሩ የምወጣበትን ምክንያት መናገሬ ነው፤ አባላቱ እንደማይወዱልኝ አውቃለሁ።

መኪናዬ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1968 ሞዴል ናት። ስለ ቮልስ ታሪክ ብትጠይቁኝ ኖሮ በዚያን ጊዜም አላፍርም ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን መሆኑን የማያውቅ አዲስ አበቤ የት አለ? የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 መሆኑን፣ እስከዚያ ቀን ድረስም ከ21 ሚሊዮን በላይ መሠራታቸውን አንብቤአለሁ። ይህን ሁሉ ለእንግዳ ስተርክ ሰነበትኩና አንድ ቅዳሜ ጀሪካን ይዤ ውኃ ልጨምርላት ተነሣሁ። የፊት ኮፈኗን ብከፍት የተኛ ጎማ አገኘሁ። የኋላውን ብከፍት ሞተሩን አገኘሁ፤ ራዲያተር ግን የለም። ጎረቤቴ እንዳያየኝ ቶሎ ዘጋሁት። ቮልስ በውኃ ሳይሆን በአየር የምትቀዘቅዝ መሆኗ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ሰው ጠይቄም አይደለም፣ ጀሪካኑን እንዳንጠለጠልኩ ለብቻዬ አስቤ እንጂ።

እንዲህ ያለ ባለመኪና አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ ሲገባ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያቅትም። «ቫልቩ ይስተካከል፣ ካንዴላውም ይቀየር» ተባልኩ። ቫልቭ በየት በኩል እንዳለ ሳላውቅ «ይቀየር፣ ይስተካከል» አልኩ። ቆሜ ልመልከት ብል «ዘይት ይነካዎታል ጋሼ፤ ቡና ጠጥተው ይምጡ» አሉኝ። ንጹሕ ሸሚዜን አየሁና እውነታቸውን ነው አልኩ። ስመለስ ሥራው አልቋል፤ ከፈልኩ። የቮልስ ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ፍጹም በርዶ፣ ቢቻል አድሮ መሆኑን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። እጅ የሚያቃጥል ሞተር ይዛ የገባችን መኪና አንድ ስኒ ቡና እስክጠጣ ድረስ «አስተካከሉልኝ»። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ባውቅ ኖሮ ገንዘቤ ከኪሴ ባልወጣ። የነገረኝ ግን የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዋናው መዘዝ የመጣው ባለፈው ዓመት በክረምት መግቢያ ነው። ከኮተቤ ወደ ቤቴ ስመለስ ለገጣፎን እንዳለፍኩ ዳሽቦርዱ ላይ ትንሿ ቀይ መብራት በራች። የዲናሞ መብራት መሆኗን አውቃለሁ። ዲናሞ ባትሪ ይሞላል፤ ባትሪው ደግሞ ቤቴ ያደርሰኛል፤ ስለዚህ ልንዳ አልኩ። ለሌላ መኪና ቢሆን አሳቡ ደኅና ነበር። በቮልስ ግን ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ በጋራዥ አፍ ቺንጊያ የሚሉት፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ማራገቢያ የሚያዞረው እሱው ነው፤ ማራገቢያው የተተከለው በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ነውና። ስለዚህ ቺንጊያው ሲበጠስ ያቺ መብራት ስለ ባትሪ ብቻ አይደለም የምትናገረው። ሞተሩ መቀቀል ጀምሯል ማለቷ ነው፤ እዚያው መቆም ነበረብኝ። እኔ ነዳሁ። ቤቴ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ አቃሰተች፣ ከበዳት፣ ቆመች። አዲስ አበባን ከሚያጠጣው ግድብ አጠገብ፣ አንድ ጠብታ ውኃ የማያድናት መኪና ይዤ ቀረሁ።

መንገድ ዳር ጎማ የሚለጥፉ ልጆች ገፍተው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግቢ አስገቡልኝ። ሽማግሌው የኋላውን ከፍተው የተበጠሰውን ቺንጊያ በሁለት ጣታቸው አነሡና ጠየቁኝ።

«መብራቷ ከበራች በኋላ ስንት ነዳሃት?»

«ወዲያው ቆምኩ ጋሼ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

ውሸቱን የዋሸሁት ገንዘብ ላተርፍ አልነበረም። ረዳታቸው፣ አንድ ጎረምሳ፣ ቁልፍ ይዞ ይመለከተኝ ነበር። በእሱ ፊት ደንቆሮ ላለመባል ነው።

ሽማግሌው ቃሌን አመኑ። ሞተሩ በርዶ ስለነበር ሲያዞሩት ዞረ፤ አዲስ ቺንጊያ አጠለቁ፣ ዘይት ቀየሩ፣ ተነሣች። እውነቱን ብናገር ኖሮ ከመሸኘታቸው በፊት የየሲሊንደሩን ግፊት ይለኩ ነበር። ስምንት ቀን ነዳኋት። በዘጠነኛው ቀን ሞተሩ እንደ ሙቀጫ ይወቅጥ ጀመር። ወርዶ ሲፈታ የሦስተኛው ሲሊንደር ግድግዳ በምስማር የተጫረ መስሏል፤ ፒስተኑ ተሰንጥቋል፤ ስብርባሪው ከዘይቱ ጋር ዞሮ ሌላውን ሁሉ በልቷል። በዚያ ዘመን ሞዴሎች ሦስተኛው ሲሊንደር ከሁሉ ይበልጥ ይሞቃል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ይከልልበታል። ፒስተንና ሲሊንደር ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ።

«እውነቱን ብትነግረኝ በትንሽ ያልቅ ነበር» አሉኝ ሽማግሌው፣ ሳይቆጡ። «እነዚያ ደበቁህ፤ አንተ ደግሞ እኔን ደበቅኸኝ።»

እኛ ፊደል ቆጠርን የምንል ሰዎች መካኒኩን ሌባ እንላለን እንጂ ለመሰረቅ ለምን እንደተመቸን አንጠይቅም። አላውቅም ማለት ውርደት ይመስለናል፤ በተለይ እጁ ዘይት በነካው ሰው ፊት። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ልብሳችንን አውልቀን የታመመውን እናሳያለን፤ መካኒክ ዘንድ ስንሄድ ክራቫታችንን እናጠብቃለን። ይህ በሽታ ከመኪና ይቀድማል። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የገባውም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። አውቶሞቢሉን ተቀበልን፤ አዋጁን የተቀበልን ግን አይመስለኝም። «ቀጥቃጭ» ማለቱን ትተን «ሌባ መካኒክ» ማለት ያዝን። ልጃችን መካኒክ ልሁን ቢለን ደግሞ ዘመድ ሰብስበን እናስመክረዋለን።

መካኒኮቹንም አልምራቸውም። እኔ አለማወቄን ስደብቅ እነሱ ማወቃቸውን ይደብቃሉ፤ ለዚህም ያ የተባረከ ተረት ምስክር ይጠራል። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ቫልቭ ማስተካከል የተማሩት ሰርቀው ነው። አለቃቸው መለኪያውን ሲያስገባ በትከሻው ይከልለው ስለነበር ከጀርባው ቆመው፣ በጣቱ አኳኋን እየገመቱ። ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው። ነገር ግን የእሳቸው ረዳት ሁለት ዓመት አብሯቸው ሠርቶ፣ ካርቡሬተር በተፈታ ቁጥር «ውኃ አምጣ» ተብሎ ይላካል። ካርቡሬተር ለማጽዳት ውኃ ምን ያደርጋል? ይህን አንሥቼ ስሞግታቸው ሳቃቸውን አቆሙ።

«ያለኝን አድዬ ስጨርስ ምን ልበላ ነው?»

ጡረታ የሌለው ሰው ጥያቄ ነውና በቀላሉ አላልፈውም። ግን መልስ አለኝ። የእኔ ቮልስ ቫልቭ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት እንደሚተውለት፣ በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር እሳቱን በሚቆርጡት ሁለት ጫፎች መካከል ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር እንደሚሆን ዛሬ አውቃለሁ። አውቄም የምሄደው ወደ እሳቸው ነው። ቁጥሩን እኔ አውቀዋለሁ፤ የሳቸው ጣት ግን ይሰማዋል። የምከፍለው ለዚያ ጣት ነው። እንዲያውም የምከፍልበት ምን እንደሆነ ስለገባኝ መከራከሬን ትቻለሁ። የማያውቅ ደንበኛ ነው ለአምስት ብር ሥራ ግማሽ ቀን የሚጨቃጨቅ።

አሜሪካ ውስጥ ጆን ሚዩር የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ቮልስዋገን ጥገና አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው፣ ርዕሱ ላይ በግልጽ እንደሰፈረው፣ ለለየለት ደንቆሮ ነው። አንባቢው አልተቀየመም፤ ደንቆሮነቱን አምኖ ገዛው፤ መጽሐፉም ደጋግሞ ታተመ። እኔ በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ፍለጋ ስንት መጽሐፍ መደብር ዞሬ ይዤ የተመለስኩት የመንጃ ፈቃድ ፈተና ማጥኛ ነው። ቮልስ ከእኛ ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖራለች፤ ስለ እሷ የምናውቀው ግን ዛሬም በሽማግሌዎች ደረት ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ያርፋሉ፤ አጎቴም አርፈዋል፤ እሳቸው ስለዚህች መኪና ያውቁት የነበረው ሁሉ አብሯቸው ሄዷል። ለእኔ የደረሰኝ ቁልፉና ሊብሬው ነው።

ጊዜው ያለፈበት ክርክር ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ታዲያ ይህ የሚያስረዳው የእኔን ነገር ነው፤ ያለው አሮጌ መኪና ይጠገናል እንጂ አይጣልም። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛው ወዳጄስ ቢሆን? እኔ እኮ ቢያንስ ኮፈን ከፍቼ የተበጠሰ ቺንጊያ በዓይኔ አያለሁ። እሱ ባለጋራዡ ኮምፒዩተር ሰክቶ፣ ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ «ባትሪው ነው» ቢለው ምን ይመልሳል? ያኛው አለቃ በትከሻው ይከልል ነበር፤ ይኸኛው በስክሪን ይከልላል።

ባለፈው መስከረም ደብተር ገዝቼ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ።

«ምን ልትጽፍ ነው?»

«የሚሉኝን ሁሉ።»

ዝም ብለው ቆዩና «ስሜን እንዳታገባ» አሉ። በዚህ ተስማማን። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ቀይዋ መብራት ነው። መብራቷ በርታ መንዳቴ፣ ወዲያው ቆምኩ ብዬ መዋሸቴም እዚያው ሰፍሯል፤ ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው። የእኔ ጽሕፈት ለእኔም ስለማይነበብ ከአራተኛው ገጽ ጀምሮ የሚጽፈው ረዳታቸው ነው። ካርቡሬተሩ ላይ የደረስን ዕለት ሽማግሌው ክዳኑን ፈቱና እንደ ልማዳቸው «ውኃ አምጣ» አሉት። ልጁ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ አያቸው።

ውኃውን እኔ ሄጄ ቀዳሁ።