ተሳቢውን ከመቀጠላችሁ በፊት ተነጋገሩ

በአገራችን «ተሳቢ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከትልቅ የጭነት መኪና ኋላ የሚጎተተው ነው። በውጭ አገር ግን ባልና ሚስት አልጋና ምድጃ ያለው ትንሽ ማደሪያ በፒክ አፕ ጎትተው ለዕረፍት መውጣታቸው የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ማደሪያ በእኛ ዘንድ ብርቅ ቢሆንም፣ ትንሽ የዕቃ ተሳቢ ለጄኔሬተር፣ ለውኃ በርሜል፣ ለድንኳን ወይም ለቤት ዕቃ ማጓጓዣ ይጠቅማል። እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ጊምቢ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ ለመሄድ፣ ዕቃውንም በተሳቢ ለመውሰድ አስባችሁ ይሆናል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ወጪውንና ክብደቱን ግን አስቀድሞ ተቀምጦ ማስላት ያስፈልጋል።

እስቲ ከክብደቱ እንጀምር። የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ሲሆን ብዙ መካከለኛ ፒክ አፖች እንዲጎትቱ የሚፈቀድላቸው እስከ 750 ኪሎ ብቻ ነው። አዳዲሶቹ ሃይሉክስና ዲ-ማክስ እስከ 3,500 ኪሎ ይጎትታሉ ሲባል የምንሰማው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። የእናንተን መኪና ልክ ከመመሪያ መጽሐፉ ተመልከቱ። ተሳቢው ባዶውን 250 ኪሎ ቢመዝን፣ ከ750 የሚቀርላችሁ 500 ኪሎ፣ ማለትም 5 ኩንታል ነው። አንድ የ200 ሊትር በርሜል ውኃ ብቻውን 200 ኪሎ እንደሚሆን አትርሱ። ጋቢና ውስጥ የተቀመጡት ሰዎችም፣ በፒክ አፑ ላይ የተጫነውም፣ ተሳቢው በጋንቾው ላይ የሚያሳርፈውም ክብደት የሚቆጠረው በፒክ አፑ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር አጫጫኑ ነው። ከባዱን ዕቃ ከተሳቢው ጎማ ጥቂት ወደ ፊት አድርጋችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ጫኑ። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከመቶ 10 ያህሉ በጋንቾው ላይ ቢያርፍ መልካም ነው፤ ይህም መኪናው ከሚፈቅደው እንዳያልፍ ተጠንቀቁ። ከባዱ ዕቃ ወደ ኋላ ከሆነ ጋንቾው ወደ ላይ ይነሣል፣ ተሳቢውም እንደ ጅራት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ይህ ቢደርስባችሁ አትደንግጡ፤ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ቀስ ብላችሁ አንሡ። ፍሬን ድንገት መርገጥም፣ ላምልጥ ብሎ ፍጥነት መጨመርም ነገሩን ያብሳል።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አምቦንና ጉደርን አልፎ ወደ ጌዶ ከፍታ ይወጣል፣ ወደ ባኮ ሜዳ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ነቀምቴ እንደገና ይወጣል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከመቶ 20 ያህል ያጣል። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስትሄዱ ደግሞ መንገዱ ወደ ሞቃቱ የዴዴሳ ሸለቆ ይወርድና ከወንዙ ማዶ መልሶ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ በተሳቢ ግን የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ፍሬን ሳያቋርጡ ሲረግጡት ይግላል፣ ሲግልም አልይዝ ይላል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ግቡ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዘው፤ ፍሬኑንም ረገጥ አድርጋችሁ መልሳችሁ ልቀቁት። ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሽ ነጻ አድርጎ መውረድ የቤተሰብን ሕይወት ለጥቂት ሊትር መለወጥ ነው። በክረምት ጭቃና ጉም ስለሚጨመር ከፊታችሁ ካለው መኪና ያላችሁን ርቀት እጥፍ አድርጉ። በወለጋ ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት መንገዶች ሲዘጉ ሲከፈቱ ኖረዋልና፣ ከመነሣታችሁ በፊት በአካባቢው ያሉትን ጠይቁ፤ በቀን ተጓዙ።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ባለትዳሮች ልመለስ። የብዙ ጉዞ ችግር የሚጀምረው ከመኪናው ሳይሆን ከይሉኝታ ነው። «ይህችን ጆንያ ብቻ አድርሱልኝ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ስትመለሱም ማሩ፣ ቅቤው፣ ቡናውና በቆሎው ይጠብቃችኋል። አንዱ እሺ ሲል ሌላው ዝም ካለ፣ ያ ዝምታ ቁልቁለቱ ላይ ይመዝናል። ስለዚህ ልኩን ቤት ሳላችሁ በወረቀት ጻፉ፤ «ከዚህ በላይ አንጭንም» የሚለውን ቃል ባልም ሚስትም በአንድ አፍ ይናገሩ። ሰው በተሳቢው ላይ ማሳፈር ግን ለአጭር መንገድም ቢሆን፣ ለማንም ቢሆን አይደረግ።

ወደ ኋላ መመለስም ሌላው የጠብ ምክንያት ነው። ተሳቢ መሪው ከዞረበት ተቃራኒ ይሄዳል። ሹፌሩ እጁን ከመሪው ታችኛ ጫፍ ላይ ያድርግ፤ እጁን ወደ ቀኝ ሲወስድ ተሳቢው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲወስድ ወደ ግራ ይሄድለታል። የሚያሳየው ሰው በስፖኪዮ በሚታይበት ቦታ ይቁም፤ ሹፌሩ ካላየው መኪናውን ያቁም። ምልክቱን አስቀድማችሁ ከተስማማችሁበት መጯጯህ አይኖርም።

በመነሻችሁ ማለዳ ሁለታችሁም አንድ ጊዜ ዞራችሁ ተመልከቱ፦ ጋንቾው ተቆልፏል? ሁለቱ ሰንሰለቶች ከሥር ተጠላልፈው ታስረዋል? የፍሬን መብራቱና ፍሬቻው ይሠራሉ? የጎማው ንፋስ ልክ ነው? ለተሳቢውም ስኮርታ ጎማ ተይዟል? ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆማችሁ ማሰሪያውን ደግማችሁ እዩ።

ሒሳቡ አልገጥም ካለ አታፍሩ። ዕቃውን ለአይሱዙ ከፍሎ መላክ፣ ወይም ሁለት ጊዜ መመላለስ ኪሳራ አይደለም። ዘመድ ስለቀረችው ጆንያ ጥቂት ቀን ቢያኮርፍ ይታረቃል፤ የሚጠብቀው ግን ከጆንያው ይልቅ እናንተን ነው።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።