የውሻ ጠባይ የባለቤቱ ሥራ ነው

በቢቸና ወይም በሞጣ ዙሪያ ካለ ቀበሌ ተነሥቶ ስንቁን አዝሎ ወደ ከተማ የሚመጣ ተማሪ በእጁ በትር መያዙን አይዘነጋም። በትሩን የሚይዘው በየደጃፉ ዘለው ለሚወጡ ውሾች ነው። እናንተም በዚህ ዓይነት መንገድ ተመላልሳችሁ ከሆነ፣ ልባችሁ የደነገጠበትን ቀን አትረሱትም። ነገር ግን አንድ ነገር አስቡ፤ እናንተን ያስደነገጣችሁ የጎረቤታችሁ ውሻ ሲሆን፣ የጎረቤታችሁን ልጅ የሚያስደነግጠው ደግሞ የእናንተው ውሻ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰዎች «የማይናከስ ውሻ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ስለዚህም ቡችላው ኃይለኛ እንዲሆን በማለት ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ያስሩታል፤ ይደበድቡታል፤ ልጆችም ድንጋይ ሲወረውሩበት ዝም ብለው ያያሉ። በእርግጥ ሌሊት በጎቹን ጅብ እንዳይወስድበት የሚሰጋ ገበሬ ንቁ ውሻ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት ንቁ ውሻና ተናካሽ ውሻ አንድ አይደሉም። መልካም ዘበኛ የሚባለው እንግዳ ሲመጣ የሚጮኽ፣ ባለቤቱ «ተው!» ባለው ጊዜ ግን ዝም የሚል ውሻ ነው። በድብደባ ያደገ ውሻ ሌባውን ከእንግዳው፣ ጅቡን ከተማሪው መለየት ያቅተዋል፤ የሚያየውን ሁሉ በፍርሃት ይነክሳል።

በሌሎች አገሮች ውሾች በታዛዥነታቸው ይወዳደራሉ። እ.ኤ.አ. በ1933 ሄለን ዋይትሀውስ ዎከር የተባሉ አሜሪካዊት፣ ያረቧቸው የነበሩት ፑድል የተባሉ ውሾች ለጌጥ ብቻ የተፈጠሩ አለመሆናቸውን ለማሳየት፣ በኒውዮርክ ግዛት የታዛዥነት ፈተና አዘጋጁ። ከ3 ዓመት በኋላ የአሜሪካ የውሻ አርቢዎች ማኅበር ለዚሁ ውድድር ደንብ አወጣለት። በውድድሩ ውሻው ገመዱን ሳይጎትት ከባለቤቱ ጎን ይሄዳል፤ ሲባል ይቀመጣል፤ ቆይ በተባለበት ይቆያል፤ ሲጠራ ይመጣል። ሰው የሚተናኮል ውሻ ግን ከውድድሩ ይወጣል። እኛ ለዋንጫ የሚወዳደር ውሻ አያስፈልገን ይሆናል። እነዚህ አራት ትምህርቶች ግን ለገበሬው ውሻ ከማንም ይበልጥ ያስፈልጉታል።

ትምህርቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው፣ ሥራው መጀመር ያለበት በቡችላነቱ ነው። ቡችላ ከሰው ጋር ለመላመድ ከሁሉ ይልቅ የሚመቸው ዕድሜ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ናቸው። ቁራሽ እንጀራ ከአፍንጫው በላይ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሽቅብ ሲያይ ወገቡ ዝቅ ይላል። በዚያው ቅጽበት «ተቀመጥ» በሉትና ቁራሹን ስጡት። ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ በምርምራቸው እንዳሳዩት፣ ውሻ የሚሰማውን ድምፅ ወዲያው ከሚከተለው ምግብ ጋር ያዛምዳል። ስለዚህ ሽልማቱ ሳይዘገይ መሰጠት አለበት። ትምህርቱም በአንድ ጊዜ ከ5 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። በመጀመሪያ በግቢ፣ ቀጥሎ በደጃፍ፣ በመጨረሻም መንገደኛ በሚበዛበት ስፍራ ሞክሩት።

ሁለት ስሕተቶችን ግን አደራ ተጠንቀቁ። አንደኛው «ና!» ብሎ ጠርቶ መምታት ነው፤ በጥሪው የተቀጣ ውሻ ሁለተኛ ሲጠሩት አይመጣም። ሁለተኛው የቤተሰቡ ቃል መለያየት ነው፤ አባት «ተው!» ሲል ልጅ «ያዝ!» የሚል ከሆነ ውሻው ለማን ይታዘዝ?

ነገሩ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ከዚህም የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመቱን ዮሴፍ ማይስተርን በክትባት ካዳኑ ወዲህ ግን መፍትሔው የታወቀ ነው። ውሻ 3 ወር ሲሞላው መከተብ፣ ክትባቱም በየዓመቱ መደገም አለበት። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥቦ፣ በባህል መድኃኒት ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ጤና ጣቢያ መገስገስ ይገባዋል። እጅ የለመደ ውሻ ለክትባት ሲያዝ አያስቸግርም፤ ተናካሹን ግን ባለቤቱም አይደፍረው። ስለዚህ ታዛዥነት የክትባትም በር ነው።

እንግዲህ በቤታችሁ ቡችላ ካለ ዛሬውኑ ጀምሩ። ትልልቆቹ ሰዎች «ውሻን ማስተማር የፈት ሥራ ነው» ብለው ቢስቁ አትፈሩ፤ ውሻችሁ በአንድ ቃል ከመንገደኛ ላይ ሲመለስ ያዩ ዕለት እነርሱም ይጠይቋችኋል። ሌላው ተማሪ በደጃችሁ ሲያልፍ በትሩን እንዲያነሣ የሚያደርገው ወይም በሰላም የሚያሳልፈው፣ እናንተ ቡችላውን ያሳደጋችሁበት መንገድ ነው።