ሁሉን በግራኝ ማላከክ እስከ መቼ?

መርጡለ ማርያም ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ምሥራቅ ጎጃም፣ እነብሴ ሳር ምድር ናት። ደብሩ ቅጥር ግቢ ውስጥ ጣሪያ የሌለው፣ ከተጠረበ ድንጋይ የታነጸ ግንብ ቆሟል። ጌጡ ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለ ነው። አጠገቡ ደግሞ ገበሬው የሚሳለመው ክብ ቤተ ክርስቲያን አለ። «ይሄን ግንብ ማን አፈረሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ግራኝ!» ይሏችኋል። አለቀ፤ ፋይሉ ተዘጋ።

እስቲ እንክፈተው።

ደብሩን ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። ከሐድያ ገዥ ቤት የተወለዱ፣ ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥ አገር የመሩ፣ በ1509 እ.ኤ.አ. ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላኩ ሴት። መሠዊያው በወርቅ የተሞላ እንደነበር በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጽፎታል። ታሪክን በዘር ሸንሽነው «ይሄ የኛ፣ ያ የናንተ» የሚሉን ጉዶች ጎጃም ላይ ደብር የተከሉትን የሐድያ ልጅ በየትኛው ከረጢት ሊከቷቸው ይሆን?

እርግጥ ነው፤ በ1530ዎቹ የግራኝ ጦር ደብሩን አቃጥሏል። ማንም አይክደውም። ግን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ካህናት ፍርስራሹ ላይ እንደገና ገነቡ። በ1632 ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ዛሬ የምናየው ፍርስራሽ ያኔ የተገነባውንም ይጨምራል ማለት ነው። ግራኝ የሞተው ደግሞ በ1543 ነው። ታዲያ ከመቃብር ተነሥቶ መጥቶ አፈረሰው እንዴ?

ግንቡን የጨረሰው ዝናብና ቸልተኝነት ነው ወገኖቼ! ቸልተኝነቱ ደግሞ የኛው ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ የአብያተ ክርስቲያናቱም መሬት አብሮ ሄደ። አጥቢያው የቀረው የገበሬው ቁና እህልና ሙዳየ ምጽዋቱ ነው። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ወጣ። ቅርስ በእጁ ያለ ሰው በራሱ ወጪ ይጠብቅ፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ከወጪው በከፊል ሊረዳው ይችላል አለ። «ይችላል» የምትለዋን ልብ በሉልኝ! መሬቱን የወሰደ መንግሥት ግንቡን «የራስህ ጉዳይ» ሲል ምን ይሉታል? የማዳበሪያ ዕዳ ያጎበጠው ገበሬ የአምስት መቶ ዓመት ግንብ በምን አቅሙ ይጠግን?

ይባስ ብሎ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጎጃም የጦር አውድማ ሆነ። ሰው እየረገፈ ስለ ድንጋይ ታወራለህ የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ነፍስ ይቀድማል። ነገር ግን ጦርነቱ ሲያበቃ ያ ገበሬ የሚመለሰው እዚያው ደብር ነው። ክርስትና የተነሣው እዚያ፣ አባቱን የቀበረው እዚያ ነው።

ቤተ ክህነትም ብትሆን ከደሙ ንጹሕ ነኝ ማለት አትችልም። በየከተማው አዲስ ሕንጻ ሲመረቅ ሪባን ለመቁረጥ የሚሽቀዳደም ሁሉ ለመርጡለ ማርያም አንድ መጠለያ ቆርቆሮ ማቆም እንዴት አቃተው? ድንጋዩን አንድ በአንድ ፎቶ አንሥቶ መመዝገብስ ስንት ሚሊዮን ይጠይቃል?

የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። የኛ ሹማምንት ግን ማልቀሱንም መላሱንም ትተው «የናደው ግራኝ ነው» እያሉ ተቀምጠዋል። የእሌኒ ግንብ ነገ ጨርሶ ሲወድቅስ በማን ሊያላክኩ ነው?