አሮጌውን የጦር ሠራዊት መኪና በግቢ ውስጥ ስለ ማደስ

ከድሬ ዳዋ ከተማ ከከዚራ ሰፈር አንድ አንባቢያችን ደብዳቤ ጽፈውልናል። ሟች አባታቸው የተዉላቸው የጦር ሠራዊት ዊሊስ ጂፕ በግቢያቸው ካለው የኒም ዛፍ ሥር ከቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እርሳቸው ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋራ ሊያድሱት ያስባሉ፤ ባለቤታቸው ግን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጦ ግቢው እንዲጸዳ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ፍርድ እንድንሰጥ ይለምኑናል። በባልና በሚስት መካከል ገብቶ መፍረድ የዚህ ገጽ ልማድ አይደለም፤ ስለ ሥራው ግን የምናውቀውን እንነግራቸዋለን።

ልጆቹ ከጂፑ በኋላ ብረት ለበስ መኪና የማደስ ምኞት እንዳላቸውም ደብዳቤው ይገልጻል። ምኞታቸው ከሰማይ የወረደ አይደለም። መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ የገባው የደቡብ አፍሪካ ጦር በምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻው ማርሞን ሄሪንግተን የሚባል፣ በፎርድ ሞተር የሚሄድ ብረት ለበስ ይዞ ነበር። በነሐሴ ወር 1969 ዓ.ም. ደግሞ የሶማሊያ ጦር በታንክ ከተማይቱን ወግቶ ሳይዛት ተመልሷል። ነገር ግን ብረት ለበስ ማደስ የአንድ ቤተሰብ አቅም አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 በቱኒዝያ የተማረከውን ታይገር የተባለ የጀርመን ታንክ በእንግሊዝ አገር የቦቪንግተን ሙዚየም በ1990 ለእድሳት ከመታያ ሥፍራው አውጥቶ፣ በገዛ ሞተሩ ኃይል ሲንቀሳቀስ የታየው በ2003 መጨረሻ ነው። ይህም የባለሙያዎች ጉባኤና የሙዚየም ገንዘብ ሳይጓደል ነው። ከከተማ ውጭ በሜዳ የወደቀ የጦር ብረት ቢያዩም ልጆቹ ከቶ እንዳይነኩት እናሳስባለን፤ በውስጡ ያልፈነዳ ጥይት ሊኖር ይችላልና።

ጂፑ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ዓይነት መኪና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1941 እስከ 1945 በአሜሪካ በዊሊስና በፎርድ ፋብሪካዎች ከ600 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ክብደቱ ከ1,100 ኪሎ ብዙ አይርቅም፤ ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ኤሌክትሪኩም ባለ 6 ቮልት ነው። በጦር ሜዳ ወታደር በእጁ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ስለ ሆነ አንድ ክሪክ፣ አንድ ሞርሳና ጥቂት ኪያቤ ያለው ሰው ብዙውን ሥራ በግቢው ሊሠራው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሞተሩን ለማስነሣት በመቸኮሉ ነው። ዘመናት የቆመ ሞተር ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋራ ተጣብቆ ሊሆን ይችላልና በሌላ መኪና ጎትተው በማርሽ ሊያስነሡት ከሞከሩ የውስጥ ብረቱ ይጣመማል። ይልቁንም 4ቱን ካንዴላ ፈትተው ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት ቀላቅለው በየጉድጓዱ ያፍስሱ፤ ከዚያ ሳምንት ያህል ይተዉት። በኋላም በማኒቬላው ወደ ፊትም ወደ ኋላም በዝግታ ይነቅንቁት። እምቢ ካለ እንደገና ያፍስሱና ይታገሡ። የድሬ ዳዋ ሙቀትና ደረቅ አየር በዚህ በኩል ረዳት ነው፤ ጎማውን ቢያደርቀውም ብረቱን እንደ ባሕር ዳርቻ አገር አይበላውም።

ሞተሩ ተንቀሳቀሰ ብለው ደስ ቢላቸውም ፍሬኑ ሳይታደስ መኪናውን ከቆመበት አያንቀሳቅሱት። የቤንዚን ታንከሩን ደግሞ ባዶ ነው ብለው ለብየዳ እንዳይሰጡ። ባዶ ታንከር ከሙሉው ይልቅ ያስፈራል፤ በውስጡ የቀረው ትነት ከእሳት ጋራ ሲገናኝ ይፈነዳልና። የሚበየደው በሚገባ በሚያውቅ ሰው እጅ፣ ታጥቦና ትነቱ ተወግዶ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባለቤታቸው ቅሬታ እንመለስ። እመቤቲቱ ያላነሡትን አንድ ክርክር እኛ እንጨምርላቸዋለን። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ፣ የድሮ ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የሁለቱም ብናኝ ለሰው፣ ይልቁንም ለሕፃናት ጤና ጎጂ ነው። ስለዚህ የፍሬኑ አቧራ በአፍ ወይም በፓምፕ አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ። ቀለሙም በደረቁ አይፋቅም። የሥራ ልብሱ ከልጆች ልብስ ጋራ በአንድ ሳፋ አይታጠብ። አጣቢዋ ማን እንደ ሆነች ስለምናውቅ ይህን አጥብቀን እንናገራለን። በገንዘቡም ነገር እመቤቲቱ እውነት አላቸው፤ የሚወጣበት ወጪ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በየወሩ የሚወጣው ገንዘብ አስቀድሞ በሁለቱ ስምምነት ይወሰን።

ታዲያ ለምን ይታደሳል? ከተማቸው ድሬ ዳዋ ስለ ሆነች ነው። የምድር ባቡሩ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ከተማይቱ በለገሃሩና በሽምንደፈሩ ወርክሾፕ ዙሪያ አደገች። ዕቃው ከአውሮፓ እስኪመጣ መጠበቅ አድካሚ ስለ ነበረ በዚያ ወርክሾፕ የጎደለው ብረት እዚያው ይቀለጥ፣ በቶርኖ ይቀረጽ ነበር። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት ሲሰጥ የአሮጌው መስመር ጥበብ በአረጋውያን እጅ ቀረ። የጂፑ ያለቀ ቦኮላ ከገበያ ቢታጣ ከነሐስ ቀርጾ የሚያወጣ ጡረተኛ በዚያ ከተማ ዛሬም ይገኛል፤ ከ10 ዓመት በኋላ ስለ መገኘቱ ግን ዋስ አንሆንም። ልጆቹ ሽማግሌውን ከቶርኖው አጠገብ ቆመው እንዲያዩ፣ ሞረድም እንዲይዙ ይደረግ። (ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ሞርሳ ሲባል የሚሰሙት ቃል የጣልያን፣ ሽምንደፈርና ለገሃርም የፈረንሳይ መሆኑን ሽማግሌው ይነግሯቸው ይሆናል።)

ለጊዜው ግን አንባቢያችን መኪናውን በክሪክ አንሥተው፣ ተሽከርካሪው እንዲዞር ካደረጉ በኋላ በሰው ኃይል ገፍተው ከግቢው ጥግ ያቁሙት፤ በላዩም ሸራ ያልብሱት። የኒሙ ጥላ ለእመቤቲቱ የልብስ ማስጫ ገመድ ይመለስላቸው። ማኒቬላው በዞረ ቀን ደግሞ ይጻፉልን።