መብራት ሲጠፋ የማይጠፋው ስልክ

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ቤት ስልክ ነው። “በዚህ በሞባይል ዘመን ደግሞ ማን ስለ ቤት ስልክ ያወራል?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም እንደናንተው ነበርሁ። እንዲያውም አክስቴን ነዝንዤ የቤት ስልኳንና ኢንተርኔቷን ከመዳብ ሽቦ ወደ ፋይበር ያስቀየርኋት እኔው ነኝ። ኋላ ግን ጸጸተኝ። የጸጸተኝ ፋይበር መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም፤ አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ ማስቀየሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት 10ኛ ክፍልን ጨርሼ ከደምበጫ ወደ አዲስ አበባ፣ አክስቴ ቤት ሄድሁ። እኛ ቤት እትየ ነው የምንላት። ሳሎኗ ጥግ ላይ ዳንቴል የለበሰች አሮጌ ስልክ ነበረች። ኢንተርኔቱም የሚመጣው በዚያችው የስልክ ሽቦ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ስልኩ ይንኮሻኮሻል፣ ኢንተርኔቱም ይንቀራፈፋል። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ፋይበር እየተዘረጋ ነበር። እኔ ሆዬ ነጋ ጠባ “እትየ፣ ይሄን አሮጌ ሽቦ አስቀይሪው እንጂ!” እያልሁ ጨቀጨቅኋት። አስቀየረች። ቪዲዮው ያለ ምንም መቆራረጥ ይፈስስ ጀመር። የዳንቴሏ ስልክም ከግድግዳው ተነቅላ በአንዲት ትንሽ ነጭ ሣጥን ጀርባ ላይ ተሰካች። ድምጿም ጠራ። ሁላችንም ደስ አለን። ታዲያ ያን ዕለት “መብራት ሲጠፋስ?” ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ።

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. አያቴ ደምበጫ ላይ ታመሙ። አንድ ምሽት ሕመሙ ጠናባቸው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አጎቴ “ነፍሳቸው ሳትወጣ ትድረስና ትያቸው” ብሎ ለእትየ ደወለ። ሞባይሏ ዝግ ነው። ለካ ሰፈሯ ከቀትር ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ኖሮ ባትሪዋ አልቋል። “የቤቱን ሞክሩት” ተባለ። የቤቱም አይጠራም። እኔ የሶላር መብራቷን ይዤ አጎቴ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ እሱ ይደውላል፣ ያቋርጣል፣ እንደገና ይደውላል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ አደርን። አያቴ ሊነጋጋ ሲል አረፉ።

እትየን ያገኘናት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ መብራት ሲመጣ ነው። እንደ ወጉ ማረፋቸው አልተነገራትም፤ “በጣም ጠንቶባቸዋል፣ ቶሎ ነይ” ብቻ ተባለች። ከአዲስ አበባ ደምበጫ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ላይ የዓባይ በረሃ አለ። እኛ ዘንድ ደግሞ አስከሬን አያድርም። ቀብሩ በ9 ሰዓት ተፈጸመ። እትየ የደረሰችው ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስታ ቢሆን ኖሮ ትደርስ ነበር። በማግስቱ ድንኳን ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ “ድሮ እኮ መብራት ጠፍቶም ይች ስልክ ትጮህ ነበር። ምን አደረጋችኋት ልጀ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ቆይቼ፣ አንብቤና ባለሙያ ጠይቄ ነው። ቀላል ነገር ሆኖ ሳለ አብዛኞቻችን አናውቀውም። አሮጌው የቤት ስልክ መብራት የማያስፈልገው መብራቱን ይዞ ስለሚመጣ ነው! በመዳቡ ሽቦ ውስጥ ድምፅ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ 48 ቮልት ያህል ኤሌክትሪክም ከስልክ ጣቢያው አብሮ ይመጣል። ጣቢያው ትልልቅ ባትሪዎችና ጄኔሬተር አለው። ስለዚህ ሰፈሩ ጨለማ ቢውጠውም ጣቢያው እስካለ ድረስ ስልኩ አለ። እነዚያ በ058 የሚጀምሩ የደምበጫ፣ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ የቤት ስልኮች፣ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር የማይደነግጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ፋይበር ግን ሌላ ነው። ፋይበር ማለት ከፀጉር ያልተናነሰ የመስታወት ክር ነው። በውስጡ የሚሄደው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም። መስታወት ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ብርሃኑን ወደ ድምፅና ወደ ኢንተርኔት የምትመልሰው ነጭ ሣጥን የምትሠራው በቤታችን ሶኬት ነው። ሶኬቱ ሲሞት ሣጥኗም ትሞታለች፤ ሣጥኗ ስትሞት ስልኩም ይሞታል። የእትየ ስልክ ያን ሌሊት የሆነችው ይህንን ነው። ስልኳም መስመሩም አልተበላሹም፤ የጎደለው ሶኬት ላይ የሚገኘው ኃይል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። “መዳብ ለዘላለም ይኑር!” እያልሁ አይደለም። መዳብ ዘመኑን ጨርሷል። የአገራችን ቴሌኮም ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲህ በሽቦ ብዙ ዘመን ኖረናል፣ ሽቦም ውለታ ውሎልናል። ኢንተርኔት ግን በመዳብ ላይ ሲጫን እንደ አሮጌ አይሱዙ ያቃስታል። ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. የሚባለው የመዳብ ኢንተርኔት ቤታችሁ ከጣቢያው በራቀ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ከራቃችሁ ከናካቴው አይጠቅምም ማለት ይቻላል። ጣቢያው ሥር ብትኖሩ እንኳን ጥሩ የሚባለው በሴኮንድ 24 ሜጋ ቢት ነው። ፋይበሩ ግን በአንዲት ክር ላይ በሴኮንድ 2.5 ጊጋ ቢት ያህል አምጥቶ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ያከፋፍላል። ዝናብ አያንኮሻኩሸውም፣ መብረቅም በእሱ ተጉዞ ቤት አይገባም።

ሌላም አለ። መዳብ ይሰረቃል። የስልክና የመብራት መስመር እየቆረጡ የሚሸጡ ሰዎች አገሪቱን እንዴት እንዳስቸገሯት ለማወቅ፣ ለዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ አዋጅ ቁጥር 464/1997 መውጣቱን ማየት ይበቃል። የመስታወት ክር ግን ለቁራሌው ምኑም አይደለም። ስለዚህ ለውጡ ይምጣ! ባይ ነኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን አስፋልት ይዘው የተቆረቆሩት ከተሞቻችን ፋይበር ቤታቸው ድረስ ቢገባላቸው እሰየው ነው። ፍኖተ ሰላም ያለው ተማሪ፣ ቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለው ሠራተኛ፣ ደምበጫ ያለው ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባው በምን ያንሳሉ?

የኔ ጥያቄ “ይቀየር ወይስ አይቀየር?” አይደለም። “ሲቀየር የድሮው ስልክ በነፃ ይሰጠን የነበረውን ነገር ማን ይተካልን?” ነው። መብራት በማይጠፋበት አገር ይህ ጥያቄ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ግን እዚያም ትንሽ አልሆነም። እንግሊዞች አሮጌውን የስልክ መስመር እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ሊዘጉ ወስነው ነበር። ሆኖም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ሲወድቁና ሲታመሙ የሚጣሩበት መሣሪያ በዚያው መስመር የሚሠራ በመሆኑ ችግር ተፈጠረና ቀኑን ወደ ጥር 2027 ገፉት። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤታቸውም ከቤት ስልክ በቀር ሌላ መገናኛ ለሌለው ሰው፣ መብራት ቢጠፋ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የድንገተኛ ጥሪ የሚያስደውል መላ እንዲዘጋጅለት ይጠይቃል። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ደንብ፣ ኩባንያዎች ለ8 ሰዓት፣ ቀጥሎም ለ24 ሰዓት የሚያገለግል ባትሪ ለፈለገ ደንበኛ በሽያጭ እንዲያቀርቡ አዝዘው ነበር። እንግዲህ መብራት ብርቅ ባልሆነባቸው አገሮች እንዲህ ከተጨነቁ፣ እኛማ ምን ያህል ልንጨነቅ ይገባን ነበር?

“ሞባይል አለ አይደል?” የሚል ሰው አይጠፋም። አዎ፣ አለ። የእትየም ሞባይል ነበር፤ ከራስጌዋ፣ ባትሪው አልቆ። የሞባይሉ ማማም ቢሆን የሚኖረው በባትሪና በጄኔሬተር ነው፤ መብራቱ ሲቆይ እሱም ይደክማል። ደግሞስ በክልላችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ አልኖርንም እንዴ? ያ ጊዜ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው መገናኛውን ሁሉ በአንድ ገመድ ላይ ማንጠልጠል እንደሌለበት ነው። አንዱ ሲበጠስ ሌላው ይያዝ። የቤት ስልክ ሁለተኛው ገመዳችን ነበር። ፋይበር ሲገባ ሁለተኛው ገመድ ሳይታወቀን ከአንደኛው ጋር ይታሠራል፤ ሁለቱም ሶኬት ላይ።

መፍትሔው ሰማይ የሚያስቧጥጥ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ ነበር። ነጯ ሣጥን የምትበላው ኃይል ከአንዲት አምፖል አይበልጥም፣ 10 ዋት ገደማ ነው። ባለ 12 ቮልትና ባለ 7 አምፒር-አወር ባትሪ ስድስት ሰባት ሰዓት ሊያቆያት ይችላል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ከመጽሐፍ የማይበልጥ ሚኒ ዩፒኤስም ኤሌክትሮኒክስ ቤት ይሸጣል። የሚገርመኝ ደግሞ ይኼ ነው፦ በዚያ ሌሊት ደምበጫ ላይ እኛ በሶላር መብራት ስንተያይ፣ ከተሜዋ አክስቴ ጨለማ ውስጥ ስልኳ ሞቶባት ተኝታለች። የገጠሩ ሰው መብራት እንደሌለ አውቆ ይዘጋጃል። ያላወቀ ግን አይዘጋጅም። የእኛም ጥፋት አለማወቅ ነበር።

ስለዚህ እንደ እኔ እንደ እኔ ሦስት ነገር ቢደረግ ጥሩ ነው።

አንደኛ፣ መዳቡ ከመቆረጡ በፊት ለባለቤቱ በጉልህ አማርኛ ይነገረው። “ይህ ስልክ መብራት ሲጠፋ አይሠራም” የምትል አንዲት ወረቀት ሣጥኗ ላይ ብትለጠፍ ምን ታስከፍላለች?

ሁለተኛ፣ ባትሪው ከሣጥኗ ጋር አብሮ ይቅረብ፤ የፈለገ ሰው ከወር ሒሳቡ ጋር ቀስ እያለ ይክፈለው። ለጤና ጣቢያ፣ ለፖሊስ፣ እንዲሁም ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ግን “የፈለገ” መባል የለበትም፤ አብሮ መገጠም አለበት።

ሦስተኛ፣ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋባቸው እንደኛ ባሉ ከተሞች፣ ይህ ሳይደረግ አሮጌው ሽቦ ከግድግዳ አይነቀል። ፋይበሩ ይግባ፣ ኢንተርኔቱም በእሱ ይሁን፤ ሽቦው ግን ተተኪው እስኪዘጋጅ ጥቂት ይቆይ።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም የምለው አለኝ። አዲስ ነገር ሲመረቅ ስለ ፍጥነቱ መጻፍ ይቀናናል፤ “ይህን ያህል ሜጋ ቢት፣ ይህን ያህል ደንበኛ” እንላለን። እኔም ያኔ ለእትየ የነገርኋት ፍጥነቱን ብቻ ነበር። የሄደው ነገር ምን ይሠራ እንደነበር መጠየቅ ግን የኛው ሥራ ነው። አሮጌ ነገር ሲነሳ “ይኼ በዝምታ ምን ተሸክሞ ነበር?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ያን ሰው አስተማሪ አላደረገኝም፤ ያደረገኝ የእትየ ጥያቄ ነው።

ባለፈው የእረፍት ጊዜ እትየ ቤት ሄጄ ነበር። ነጯ ሣጥን ሥር አንዲት ትንሽ ባትሪ ገዝቼ አስቀመጥሁላት። ከዚያ ቆጣሪውን አጠፋሁና በሞባይሌ የቤቷን ስልክ ደወልሁ። ጨለማው ውስጥ የዳንቴሏ ስልክ ጮኸች። እትየ አነሳችና፣ እዚያው ጎኗ መቆሜን እያየች፣ “አቤት፣ ማን ልበል?” አለች። ከዚያ ስልኳን እንደያዘች ቆየች። “አሁን ሆነች። ምነው ያኔ ብታስቡት” አለችኝ።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ለሌላው ሰው አስቀድመን እናስብለት።